የጋራውን ሰማይ ማን ያጽዳ?

የምዕራብ ጎንደር ቆላ ገበሬ በጥቅምት ወር ዓይኑ ከሰማይ አይነቀልም። በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ሰሊጡ ታጭዶ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ በሂላ ቆሟል። የፍሬው መያዣ ሲደርቅ ከጫፉ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ነዶው ሸራ ላይ ተገልብጦ ሲመታ ፍሬው ይረግፋል። በዚህ መሀል ያልታሰበ ዝናብ ከወረደ ፍሬው ቀለሙን ያጣል፣ ዋጋውም ይወድቃል፤ ንፋስ ከበረታም ዓመት የተለፋበት ምርት መሬት ላይ ፈስሶ ይቀራል። ዝናቡ መቼ እንደሚያቆምና መቼ ድንገት እንደሚመለስ ማወቅ ለዚህ ገበሬ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የዝናብ መለኪያ ጣቢያ እንደ ልብ በማይገኝበት ሰፊ ቆላ ደግሞ ትንበያው ከሚቆምባቸው ምሰሶዎች አንዱ ከመሬት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ከዋልታ ወደ ዋልታ የሚዞሩ የአየር ጠባይ ሳተላይቶች ናቸው። በበጋ የደረቀው ሣር ሲቀጣጠል እሳቱ የት እንደደረሰ የሚያሳዩትም እነሱና መሰሎቻቸው ናቸው። በዚያ ከፍታ ያለው መንገድ ግን ሰው በተወው ብረት ከቀን ወደ ቀን እየተጨናነቀ ነው። ብረቱን የተወው የመተማ ገበሬ አይደለም፤ መንገዱ ቢዘጋ ግን ከተጎጂዎቹ አንዱ እሱ ነው። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ከምህንድስና በፊት የሥነ ምግባርና የእምነት ጥያቄ ነው፤ የሁሉም የሆነ፣ ማንም የኔ የማይለው ስፍራ ሲቆሽሽ የማጽዳቱ ግዴታ በማን ላይ ይወድቃል? የጋራ ስፍራ መሆኑ ግዴታውን ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም፤ የጣለውን የማያነሣና ሌላው እንዲያነሣውም የማይፈቅድ ደግሞ ባለንብረት ነኝ የማለት መብቱን ሊያጣ ይገባል እላለሁ።

በቅድሚያ እላይ ያለውን እንይ። የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ እ.ኤ.አ. በ1957 ወጣ። በዓመቱ የተከተለችው የአሜሪካዋ ቫንጋርድ 1 ሬዲዮዋ ከ1964 ጀምሮ ዝም ብሏል፤ እሷ ግን ዛሬም እየዞረች ነው። ከዚያ ወዲህ የተከማቸውን የአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲ ሲገምት፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር የሚበልጡት ስብርባሪዎች ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ፍጥነታቸው በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከጎንደር እስከ መተማ በአየር መስመር ያለውን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት በ20 ሰከንድ አካባቢ ያልፉታል ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት የሚጋጭ 1 ሴንቲ ሜትር ብረት የእጅ ቦምብ ያህል ጉዳት ያደርሳል። ናሳ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ዶናልድ ኬስለርና በርተን ኩር-ፓሌ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጥናት አንድ ግጭት ስብርባሪ እንደሚወልድ፣ ስብርባሪውም ሌላ ግጭት እንደሚያመጣ፣ ሂደቱ አንዴ ከተጀመረ ያለ አዲስ ማምጠቅም ራሱን እንደሚያባዛ አስጠንቅቀው ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። ቻይና በ2007 የራሷን አሮጌ የአየር ጠባይ ሳተላይት በሚሳይል መትታ ከ3,000 በላይ ክትትል የሚደረግባቸው ስብርባሪዎችን በተነች። በ2009 አገልግሎቱን የጨረሰው የሩሲያ ኮስሞስ 2251 በሥራ ላይ ከነበረው የአሜሪካ ኢሪዲየም 33 ጋር ከሳይቤሪያ በላይ ተላተመ። በ2021 ሩሲያም የራሷን ኮስሞስ 1408 መትታ ከ1,500 በላይ ስብርባሪ ጨመረች።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ፣ ሰማይ ሰፊ ነው፣ ፈጣሪም ያጸዳዋል የሚል ነው። ከተቃውሞው ውስጥ እውነት የሆነ ክፍል አለ። ከ600 ኪሎ ሜትር በታች የቀረ ዕቃ ስስ በሆነው አየር እየተጎተተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወርዶ ይቃጠላል። በ800 ኪሎ ሜትር ግን መውረጃው በመቶ ዓመታት ይቆጠራል፤ ከ1,000 በላይ ሲሆን ሺህ ዓመትና ከዚያም በላይ ነው። የከፋው ክምችት ያለውም እዚያው ነው፤ በ840 ኪሎ ሜትር አካባቢ በሶቪየት ዘመንና ከዚያ ወዲህ የቀሩ፣ እያንዳንዳቸው 9 ቶን ገደማ የሚመዝኑ ወደ 20 የሚጠጉ የዜኒት ሮኬት ቅሪቶች አሉ። የአየር ጠባይ ሳተላይቶቹ የሚሄዱበት ከፍታ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስፋቱም ቢሆን አያጽናናም፤ ሳተላይት በባዶ ሜዳ እንደፈለገ አይበታተንም፣ ለሥራው የሚመቹት ከፍታዎችና አቅጣጫዎች ጥቂት ናቸውና ሁሉም እዚያው ይተላለፋል። በፈጣሪ ጥበቃ መታመንን በተመለከተም፣ ሃይማኖታችን ይህን እምነት ከሥራ ነፃ መውጫ አድርጎ አስተምሮን አያውቅም። ዝናቡ ከላይ ነው ብሎ ማሳውን ሳያርም የተቀመጠ ገበሬ በየትኛው ደብር ወይም መስጊድ ተመስግኖ ያውቃል?

ግዴታውን ለመመደብ ከቅዱሳት መጻሕፍት ሦስት ድንጋጌዎችን እወስዳለሁ፤ ሁለቱን ክርስቲያኑም አይሁዱም፣ ሦስተኛውን ሙስሊሙ ያውቃቸዋል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የሄደ ሰው፣ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን ለባለቤቱ እንዲከፍል፣ የሞተውም እንስሳ የከፋዩ እንዲሆን ተደንግጓል። ሕጉ ቆፋሪው ክፉ አስቦ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ክፍት ትቶ መሄዱ ይበቃል። በዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዟል፤ እዚህ ላይ የወደቀ የለም፣ ጉዳትም ገና አልደረሰም፣ ግዴታው ግን ቤቱ ሲሠራ ይጀምራል። በእስልምና ደግሞ ከመንገድ ላይ እንቅፋትን ማንሣት ከእምነት ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑ በሐዲስ ይነገራል፤ እንቅፋቱን የጣለው ማን እንደሆነ መመርመር ቅድመ ሁኔታ አይደለም፣ ያየውና የቻለው ያነሣዋል። የመጀመሪያው ያለፈውን፣ ሁለተኛው የሚመጣውን፣ ሦስተኛው አሁን ያለውን ይገዛል። ዓለም ዛሬ ስለ ምሕዋር ስትከራከር ከሦስቱ አንዱን አንሥታ ሁለቱን ትጥላለች፤ ከሳሾች ጉድጓዱን ብቻ፣ መሐንዲሶች እንቅፋት ማንሣቱን ብቻ፣ ተቆጣጣሪዎች መከታውን ብቻ ያወራሉ። አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም።

ከጉድጓዱ እንጀምር። እ.ኤ.አ. የ1972ቱ የተጠያቂነት ስምምነት ከሰማይ የወደቀ ዕቃ መሬት ላይ ጉዳት ቢያደርስ ያመጠቀው መንግሥት ጥፋቱ ሳይጣራ እንዲክስ ያስገድዳል። በ1978 ኮስሞስ 954 የተባለው የሶቪየት ሳተላይት ከነኑክሌር ማብላያው በሰሜን ካናዳ በተበተነ ጊዜ ሞስኮ በመጨረሻ 3 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ከፍላለች። ጉዳቱ እዚያው ምሕዋር ላይ ሲደርስ ግን ስምምነቱ ጥፋተኛነት ይረጋገጥ ይላል፤ የሞተ ሳተላይት የሚመራው ስለሌለው ጥፋቱን በማን ላይ ማረጋገጥ ይቻላል? ከ2009ኙ ግጭት በኋላ በዚህ ስምምነት የተከፈለ ካሳ የለም። ነገሩ ለአካባቢያችን ሩቅ አይደለም። በ2024 ዲሴምበር 30 በኬንያ ማኩዌኒ ካውንቲ ሙኩኩ በተባለች መንደር ዲያሜትሩ 2.5 ሜትር፣ ክብደቱ 500 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ የብረት ቀለበት ወደቀ፤ የኬንያ ስፔስ ኤጀንሲ የሮኬት መለያያ ቀለበት እንደሚመስል አስታወቀ። ሰው አልሞተም። መሬት ላይ የወደቀ ቀለበት ቢያንስ የሚነካ፣ የሚመዘንና ባለቤቱ የሚፈለግ ነገር ነው። እላይ የቀረው ደግሞ ማንም ሳይጠየቅበት መቶ ዓመት ይዞራል። የኦሪቱ ሕግ ከዘመናዊው ስምምነት የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ ጉድጓዱ በግል ጓሮ ይሁን በአውራ መንገድ ሳይለይ ክፍት የተወውን ሁሉ ያስከፍላል።

የመጀመሪያዎቹ አምጣቂዎች አያውቁም ነበር፣ ያኔም ክልክል አልነበረም የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ቅጣት ላይ ከሆነ የምንነጋገረው፣ መከራከሪያው ሚዛን ይደፋል፤ ባላወቀው ነገር ሰውን መቅጣት አግባብ አይደለም። ካሳና ጽዳት ግን ቅጣት አይደሉም። ዕዳ ባለማወቅም ይገባል፣ የአባት ዕዳም ለልጅ ይተርፋል፤ ሩሲያ የሶቪየት ኅብረትን መቀመጫና ንብረት እንደወረሰች ሁሉ ቅሪቱንም ወርሳለች። ደግሞም አለማወቁ በ1978 አብቅቷል። የ2007ቱና የ2021ዱ ፍንዳታዎች የተፈጸሙት ውጤታቸው በሚገባ ከታወቀ በኋላ ነው።

ወደ መንገዱ እንሻገር። ማንሣት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከሞላ ጎደል ተመልሷል። በእንግሊዙ የሰሪ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የተሠራው ሪሙቭ ደብሪስ በ2018 ራሱ በለቀቀው መለማመጃ ላይ መረብ ጥሎ ያዘው፤ በ2019 ጦር ተኩሶ ሰሌዳ ወጋ። ቻይና በ2022 ሺጂያን 21 በተባለው ሳተላይት የሞተ የቤይዶ ሳተላይቷን ጎትታ ከሌሎች መንገድ አወጣችው። ከሁሉ የሚያስተምረው የጃፓኑ ነው። አስትሮስኬል የተባለው ኩባንያ በ2024 ያመጠቀው አድራስ ጄ ከ2009 ጀምሮ ምሕዋር ላይ የቀረውን የጃፓን ኤች 2 ኤ ሮኬት ቅሪት አሳደደ። ቅሪቱ 11 ሜትር ርዝመት፣ 3 ቶን ገደማ ክብደት ያለው ባዶ በርሜል ነው፤ መብራት የለው፣ ሬዲዮ የለው፣ እጀታ የለው፣ ያለበትንም አይናገር። አድራስ ጄ እየቀረበ፣ እየዞረ ፎቶ እያነሣ፣ ሊያዝ የሚችልበትን ቦታ እየመረመረ 15 ሜትር ድረስ ተጠጋ። ሁለቱም በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጡ መሆኑን ላሰበ ሰው ይህ ታላቅ ጥንቃቄ ነው። ሁሉንም ብናኝ መልቀም ደግሞ አያስፈልግም፤ የናሳ ተመራማሪዎች ስሌት እንዳሳየው አዲስ የሚወጡት ጊዜያቸውን ሲጨርሱ በአብዛኛው የሚወገዱ ከሆነ፣ ከትልልቆቹ ቅሪቶች በየዓመቱ 5 ያህል ማውረድ ክምችቱ እንዳይባባስ ይገታዋል። አንድ ትልቅ በርሜል አስቀድሞ ማውረድ በኋላ በሺህ የሚቆጠር ስንጥር ከማባረር ይቀላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

ታዲያ ምን ያዘ? አንዱ ገንዘብ ነው፤ ሌላው ሕግ ነው። የ1967ቱ የውጭው ጠፈር ውል በአንቀጽ 8 የመጠቀ ዕቃ ባለቤትነት እላይ በመሆኑ አይለወጥም ይላል። ስለዚህ የሞተ ሳተላይትም የስብርባሪ ቅንጣትም ለዘለዓለም የአምጣቂው ንብረት ነው፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማንም ሊነካው አይችልም። እንቅፋቱን ላንሣ ብሎ የመጣው መንገደኛ፣ የሰው ንብረት ነውና አትንካ ተብሎ ይመለሳል፤ ባለንብረቱም አያነሣውም። የኦሪቱን ድንጋጌ ሁለተኛ ክፍል እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል፤ ካሳ የከፈለው የሞተውን እንስሳ ይወስዳል። በዚያ ሕግ ንብረትና ኃላፊነት አብረው ይሄዳሉ። በምሕዋር ሕግ ግን ንብረቱ ጸንቶ ኃላፊነቱ ተንኗል፤ መታረም ያለበት ይህ ነው። አገልግሎቱን የጨረሰ፣ የማይመራና ሌሎችን አደጋ ላይ የጣለ ዕቃ ባለቤት ምርጫው ከሁለት አንድ ይሁን፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ራሱ ያንሣ፣ ወይም የሚያነሣ ሲገኝ ይፍቀድና ወጪውን ይክፈል። ሁለቱንም እምቢ ማለት የንብረት መብት ሊባል አይገባም፤ የጋራውን መንገድ በግል ብረት ማጠር ነው።

ለዚህ የሚቀርበው ከባዱ ተቃውሞ፣ የሞተውን የሚይዝ ክንድ በሕይወት ያለውንም ይይዛል የሚለው ነው። ማጽጃው መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ ከምድር የሚተኮስ ጨረርም ቢሆን ስብርባሪን እንደሚገፋ ሁሉ የጠላትን ሳተላይት ሊያውክ ይችላል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ጽዳትን መከልከል ችሎታውን አይሰርዘውም፤ ችሎታው ያላቸው መንግሥታት አሁንም አላቸው፣ የሚጎድለው ሌላው ዓለም የሚያይበት ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ የማንሣት ሥራ አስቀድሞ ከታወጀ፣ ባለቤቱ ከተስማማ፣ ሌሎችም በየራሳቸው መከታተያ ካዩት፣ ስውር ጥቃት የሚፈጸምበት ጥላ ይጠባል። ጃፓን የጀመረችው በራሷ በርሜል መሆኑም ምሳሌነት አለው፤ ማንም በማንም ንብረት ላይ እጁን ሳያነሣ እያንዳንዱ የራሱን ቢያወርድ ከሥራው ብዙው ይጠናቀቃል። ሌላው ቢያጸዳ አቆሻሹ ይበልጥ ይዘናጋል የሚል ስጋትም አለ። መፍትሔው ጽዳቱን ነፃ አለማድረግ ነው፤ ከእያንዳንዱ ማምጠቅ መያዣ ገንዘብ ተቀምጦ ዕቃው በወቅቱ ሲወርድ ቢመለስ፣ ካልወረደም ለማንሻው ቢውል ዝንጋታው ዋጋ ያስከፍላል።

የቀረው መከታው ነው፤ እዚህ ላይ ተራው የእኛም ነው። ለረጅም ጊዜ የተለመደው መመሪያ ሳተላይት ሥራውን በጨረሰ በ25 ዓመት ውስጥ ይውረድ ይል ነበር። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2022 ይህን ወደ 5 ዓመት አጠበበው፤ በ2023ም አሮጌ ሳተላይቱን በተስማማበት ከፍታ ያላስቀመጠውን ዲሽ የተባለ ኩባንያ 150,000 ዶላር ቀጣ። በ2022 መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሳተላይትን በሚሳይል መትቶ የማፍረስ ሙከራ እንዲቆም በ155 ድጋፍ፣ በ9 ተቃውሞና በ9 ድምፀ ተአቅቦ ጠየቀ። ኢትዮጵያም ከአምጣቂዎቹ ማኅበር ገብታለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን ማዕከል የተነሣችው ኢቲአርኤስኤስ 1፣ 72 ኪሎ ግራም ክብደትና የ2 ዓመት የታቀደ የአገልግሎት ዘመን ይዛ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወጣች፤ መቀበያ ጣቢያዋ እንጦጦ ነው። በዓመቱ ሁለተኛዋ ትንሽ ሳተላይት ተከተለች። እነሱ በሺዎች ሲልኩ ማን ከለከላቸው፣ እኛ አንድና ሁለት ብንልክ ምን አለበት፣ ግዴታው ለባለጠጎች ነው የሚል ድምፅ ይሰማል። የፍትሕ ስሜቱ ትክክል ነው፤ ላለፈው ክምችት ኢትዮጵያን ገንዘብ መጠየቅ ግፍ ይሆናል። የጣራው መከታ ግን የቤቱን ስፋት አይቶ አይታዘዝም፤ ባለ አንድ ክፍል ቤትም ጣራ አለው፣ ከዚያም ሰው ይወድቃል። ከ600 በላይ የቀረ 72 ኪሎ ብረት ከ9 ቶኑ የዜኒት ቅሪት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ይሁን እንጂ የሚጋጨው ሳተላይት ልዩነቱን አይጠይቅም። ጓንግ ከደጋው ተነሥቶ በመተማ ቆላ አልፎ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይሆናል፤ ላይኛው አቆሽሾታልና እኔም ላቆሽሽ የሚል መካከለኛ መንደር፣ ከታቹ ላለው ሰው ያው ላይኛው ነው። እኛም ከእኛ በኋላ ለሚያመጥቁት ለጎረቤቶቻችን ላይኞቹ ነን።

በጦርነትና በስደት መካከል ያለ አካባቢ ስለ ምሕዋር ምን አስጨነቀው የሚለው የመጨረሻው ተቃውሞ ከባድ ነው፣ በአክብሮትም ሊመለስ ይገባዋል። በሱዳን ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ከፈነዳ ወዲህ በገላባት በኩል ወደ መተማ የተሻገረው ሕዝብ ብዙ ነው፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የነበሩት ስደተኞች የደረሰባቸው መከራም ይታወቃል። ዳቦና ደኅንነት ይቅደም ያለ ሰው ትክክል ነው። ነገር ግን በ2024 መጀመሪያ በሱዳን የስልክና የኢንተርኔት መስመር በተቋረጠ ጊዜ ቤተሰብ ከቤተሰብ የተገናኘው፣ ገንዘብም የተላከው በአብዛኛው በስታርሊንክ መሣሪያ ነበር። የምሕዋሩ መጨናነቅ ዋነኛ ምክንያት እየሆኑ ያሉትም ከእነዚሁ ዓይነት በሺዎች የሚቆጠሩ ሳተላይቶች ናቸው። ማምጠቁ ፈጽሞ ይቁም የማልለው ለዚህ ነው፤ መንገዱ ለድሃውም ያስፈልጋል። ምሕዋሩ ቢዘጋ ባለጠጋው በባሕር ሥር መስመር፣ በራዳርና በአውሮፕላን ይተካዋል፤ ቆላው ላይ ያለው ገበሬ ግን ሌላ መለዋወጫ የለውም። አማራጭ የሌለው ሰው ከማንም በላይ የጋራው ንብረት እንዲጠበቅ የመጠየቅ መብት አለው፤ መብቱን አለመጠቀም ትሕትና አይደለም።

ስለዚህ ኢትዮጵያ ድምፅ ሊኖራት ይገባል። በተባበሩት መንግሥታት የውጭው ጠፈር ሰላማዊ አጠቃቀም ኮሚቴ አባል ናትና መድረኩ አላት። እዚያ ሦስት ነገር ልትጠይቅ ትችላለች፤ በምሕዋር ላይ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂነቱ መሬት ላይ እንዳለው ያለ ጥፋት ማጣሪያ እንዲሆን፣ የሞተ ዕቃ ባለቤት እንዲያነሣ ወይም እንዲያስነሣ የጊዜ ገደብ እንዲቆረጥለት፣ ጽዳቱም በእያንዳንዱ ማምጠቅ ላይ ከሚቀመጥ መያዣ እንዲከፈል። ጥያቄው ክብደት የሚኖረው ግን ጠያቂዋ የራሷን ጣራ ካጠረች ነው። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ቀጣዩን ሳተላይት ሲያዋውል ማውረጃው ምን እንደሆነ፣ በስንት ዓመት እንደሚወርድና ወጪውን ማን እንደሚሸከም በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ለሕዝብም ይነገር። ዋጋው ይጨምር ይሆናል፣ ከሌላው ቀድመንም ልንከፍል እንችላለን። ይህን ስናደርግ ግን ትልልቆቹን ቆሻሻችሁን አንሡ ለማለት የሚያስችል ንጹሕ እጅ ይኖረናል፤ የመተማው ገበሬ ያላበላሸው ሰማይ ከሌሎች ጥፋት እንዲጠበቅለት መንግሥቱ ሊሟገትለት የሚችለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።